የመጀመሪያ ሽጉጤን እንዴት ልምረጥ? ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሐበሾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማደያ ስድስት ዓመት በሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ሁለት ጊዜ ተዘርፌያለሁ። ከሁለተኛው በኋላ ሽጉጥ ገዛሁ፤ የመጀመሪያው ግዢዬ ግን ስህተት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓደኛም፣ የጓደኛ ጓደኛም፣ ቤተ ክርስቲያን የማገኘው ሰውም ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ቶሎ ቶሎም ይቀየራል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚኖሩበትን ስቴት የፖሊስ ድረ ገጽ አንዴ ይመልከቱ።

በእርግጥ ሽጉጥ ያስፈልገኛል?

ይህን ከሁሉም በፊት ለራስዎ ይመልሱ። መጀመሪያ ቤትዎ ውስጥ ማን እንዳለ ያስቡ። አሜሪካ ውስጥ በ2022 ከ48,000 በላይ ሰዎች በጥይት ሞተዋል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ሌባ ገብቶ የገደላቸው አይደሉም። በገዛ እጃቸው፣ ብዙዎቹም በገዛ ቤታቸው ነው የሞቱት።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ነገር አይወራም። «ትንሽ ተክዟል» ይባላል፣ «ፀባዩ ተቀይሯል» ይባላል፣ ከዚያ ዝም ነው። እለምንዎታለሁ፣ ቤትዎ ውስጥ የከፋው ሰው ካለ፣ ልጅዎ ክፍሉን ዘግቶ መዋል ከጀመረ፣ መጠጥ ከበዛ፣ ወይም በባልና ሚስት መካከል ጠቡ እየከረረ ከሄደ ሽጉጥ አይግዙ። የገዙት ካለም ነገሩ እስኪረጋጋ ከቤት እንዲወጣ ያድርጉ። በሕጋዊ መንገድ የት ማስቀመጥ እንደሚቻል የሰፈርዎን ፖሊስ ወይም ፈቃድ ያለው ሻጭ ይጠይቁ። ራስን ስለ ማጥፋት ለሚያስብ ወይም ለተጨነቀ ሰው የተዘጋጀው መስመር 988 ነው፤ ሲደውሉ በማንኛውም ሰዓት የሚያነጋግርዎት ሰው ያገኛሉ።

ይህ ሁሉ የሌለበት ቤት ከሆነም መጀመሪያ በሩን ይዩ። ጠንካራ ቁልፍ፣ የውጭ መብራት፣ ካሜራ፣ ቦርሳ ውስጥ የሚያዝ የበርበሬ ስፕሬይ። አንዳንድ ሰው እነዚህን አሟልቶ ሽጉጡን ሳይገዛ ቀርቷል። ልክ ነው ብዬዋለሁ።

ዜጋ አይደለሁም፤ መግዛት እችላለሁ?

ግሪን ካርድ ካለዎት በፌዴራል ሕግ ይችላሉ። ፈቃድ ካለው ሻጭ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለብዎት። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር መግዛት ብቻ ሳይሆን መያዝም ተከልክሏል። የጥገኝነት ጉዳይዎ ገና በሂደት ላይ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ሱቅ አይግቡ።

ሱቅ ውስጥ 4473 የሚባል የፌዴራል ቅጽ ይሞላሉ። ከዚያ ሻጩ የወንጀል መዝገብዎን ያስጣራል። ቅጹን እንግሊዝኛ በሚችል ዘመድ አስሞልቶ እንዲሁ መፈረም አደገኛ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ተረድተው ራስዎ ይመልሱ። ዜጋ ሳይሆኑ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ በኢሚግሬሽን ሕግ በጣም ከባድ ጥፋት ነው። «በስህተት ነው» ብሎ ማስረዳት ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ሌላው ሰው የሚረሳው የአደንዛዥ ዕፅ ጥያቄ ነው። ማሪዋና በሜሪላንድ ለአዋቂ ተፈቅዷል፤ ቅጹ ላይ ግን በፌዴራል ሕግ አሁንም ክልክል መሆኑ ተጽፏል። ጫትም እንደዚያው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ጎራ ነው። የሚቅም ሰው ሽጉጡን ይተው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ይህን በደንብ ያዙልኝ። በመሣሪያ ሕግ ጥሰት የተፈረደበት ነዋሪ ከአገር ሊባረር ይችላል። አንድ ዜጋ የተወሰነ ጊዜ ታስሮ ወይም ተቀጥቶ የሚወጣበት ጥፋት እኛን ሃያ ዓመት የገነባነውን ኑሮ ሊያሳጣን ይችላል።

የአጎቴ ልጅ ወረቀቱ አልደረሰለትም፤ በእኔ ስም ልግዛለት?

አይግዙለት። ቤት በስማችን እንከራይለታለን፣ መኪና እንፈርምለታለን፣ እቁብ እንገባለታለን። መተጋገዝ ባህላችን ነው፣ እኔም በዚያው ነው የቆምኩት። ሽጉጥ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ቅጹ በቀጥታ «ትክክለኛው ገዢ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ለሌላ ሰው እየገዙ «አዎ» ካሉ የፌዴራል ወንጀል ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት እስራት አድርሶታል። ልጁ መግዛት የሚፈቀድለት ከሆነ ራሱ ሄዶ ይግዛ። ካልተፈቀደለት ደግሞ ምክንያት አለው።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ቨርጂኒያ ይቀላል ይባላል። እዚያ ሄጄ ልግዛ?

አይቻልም። በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ የሚገዙት በሚኖሩበት ስቴት ነው። ሌላ ስቴት ያዩትን ከወደዱት ወደ እርስዎ ስቴት ሻጭ ተልኮ፣ በእርስዎ ስቴት ሕግ መሠረት ይረከባሉ።

ሜሪላንድ ውስጥ መጀመሪያ የሽጉጥ መግዣ ብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል። የጣት አሻራ ይሰጣሉ፣ ቢያንስ አራት ሰዓት ይሠለጥናሉ፣ ሥልጠናው ላይም ይተኩሳሉ። ከግዢው በኋላ ሰባት ቀን ይጠብቃሉ። ሊሸጥ የሚችለውም ስቴቱ ባጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ያለ ሽጉጥ ብቻ ነው። ከአሥር በላይ ጥይት የሚይዝ ካዝናም (ጥይቱ ተደርድሮ ሽጉጡ ውስጥ የሚገባው፣ ካርታ የሚሉትም አሉ) አይሸጥም። ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ይማረራል። እኔ ግን አራት ሰዓቱ እንኳን ያንሳል ባይ ነኝ።

እሺ፣ የትኛውን ልግዛ?

እዚህ ላይ የኔን ስህተት ልንገርዎ። የገዛሁት ሽጉጥ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ 300 ግራም የማይሞላ ነበር። ሻጩ «ለጀማሪ ትንሽ ነገር ይሻላል» አለኝ፤ አመንኩት። መለማመጃ ቦታ ወስጄ አምስት ጊዜ ስተኩስ አውራ ጣቴ ሥር ተላጠ። ስድስተኛውን ስተኩስ ገና ቃታውን ሳልስበው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ በኋላ መለማመዱን ሸሸሁት። ቤት ተቀመጠ። ሰባት ሜትር ላይ ያለ ወረቀት የማልመታበት መሣሪያ ይዤ «ተጠብቄያለሁ» እያልኩ ስተኛ ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ከባድ ሽጉጥ ርግጫውን ራሱ ይውጥልዎታል። ቀላሉ ሽጉጥ ግን ሁሉንም ለእጅዎ ያስረክባል። በዚያ ላይ እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣትዎ የምትይዘው ታጣለች። ስለዚህ ትንሽ ሽጉጥ ልምድ ላለው ሰው ነው። ለጀማሪ መካከለኛው ይሻላል።

መካከለኛ ስል መጠኑን ለማሳየት ግሎክ 19ን ላንሳ። ባዶ ካዝናውን ጨምሮ 670 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሦስቱም ጣት እጀታው ላይ ያርፋል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም፣ ሲግ ሳወርም፣ ሌሎችም በዚህ መጠን ይሠራሉ። ስሙ አያጣላን። እጅዎ ነው የሚመርጠው።

እንዴት ይመርጣል? ይዘው ሲያነጣጥሩ የጠቋሚ ጣትዎ ጫፍ አካባቢ ቃታው ላይ ሳይንጠራራ መድረስ አለበት። በሁለት እጅ ሲጨብጡት ክፍተት አይኑር። ጥይት የሌለበት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ራስዎ አቀባብለው ይሞክሩት። እና ዋናው ነገር፣ ከመግዛትዎ በፊት ይተኩሱበት። ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ተከራይተው ይሞክሩ። ለዚያ የሚያወጡት ገንዘብ እኔ ከከሰርኩት በጣም ያንሳል።

ሪቮልቨር ይሻላል ወይስ ባለ ካዝና?

ብዙ ሰው «ሪቮልቨር ለሴት ነው» ይላል። ይህን አባባል እርሱት።

ሪቮልቨር ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ያለው ነው። ጥሩነቱ ቀላልነቱ ነው። ማቀባበል የለም፤ ከበሮውን ከፍተው ሲያዩ ጥይት እንዳለውና እንደሌለው ወዲያው ይታወቃል። ችግሩ ግን ቃታው ላይ ነው። ብዙዎቹን ለመተኮስ አምስት ኪሎ ገደማ የሚያህል ጉልበት ይጠይቃል። ባለ ካዝናው ብዙውን ጊዜ የዚያን ግማሽ ነው። ቃታ ሲከብድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጥይቱ ወደ ጎን ይሄዳል። ትንንሾቹ ሪቮልቨሮች ደግሞ አምስት ጥይት ብቻ ነው የሚይዙት፤ ርግጫቸውም ከባድ ነው።

ባለ ካዝናው ለመተኮስ ይቀላል፣ ለመማር ግን ጊዜ ይፈልጋል። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። ካዝናውን ማውጣት ሽጉጡን ባዶ አያደርገውም። የጎረሰው አንድ ጥይት እዚያው ሽጉጡ ውስጥ ተቀምጧል። «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ፣ ባዶ ነው» ብሎ ቃታ የሳበ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይልመዱ፤ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው የጎረሰውን ያስወጡ፣ ከዚያ በዓይንዎ ይዩ፣ በጣትዎም ይዳስሱ።

እጅዎ ሕመም ካለው ወይም ማቀባበል ከከበደዎት ተስፋ አይቁረጡ። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የሚባለው በቀላሉ እንዲቀባበል ተብሎ የተሠራ ነው። አንዲት በስድሳዎቹ ዕድሜ ያለች እናት ሌላ ሽጉጥ ማቀባበል አቅቷት ይህንን ያለ ችግር ስትይዝ አይቻለሁ። ብልሃትም አለው። የላይኛውን ብረት በአንድ እጅ ከመሳብ ይልቅ እሱን አጥብቀው ይዘው እጀታውን በሌላው እጅ ወደ ፊት ይግፉት።

ምን ዓይነት ጥይት?

9 ሚሊ ሜትር። ርግጫው ይቻላል፣ ጥይቱ በየቦታው ይገኛል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይሻላል። «45 የሚባለው ትልቁ ጥይት ካልሆነ ሰው አያቆምም» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ኤፍቢአይ ራሱ ሌላውን ሞክሮ ወደ 9 ሚሊ ተመልሷል።

አገር ቤት ማካሮቭ ለምታውቁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እሱም 9 ሚሊ ይባላል፤ ግን ጥይቱ አጠር ያለ፣ ሌላ ዓይነት ነው። እዚህ 9 ሚሊ ተብሎ ከሚሸጠው ጋር አይለዋወጥም።

ለልምምድ ርካሹን፣ ለቤት ደግሞ ጫፉ ጎድጓዳ የሆነውን ይግዙ። ጎድጓዳው ሰውነት ሲመታ ስለሚከፈት በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል የመውጣት ዕድሉ ያንሳል። አፓርታማ ለምንኖር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ግድግዳ ስስ የጀሶ ሰሌዳ ነው። የትኛውም ጥይት ያልፈዋል። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት አልጋ ሊኖር ይችላል። ቤትዎ ውስጥ ቆመው በየትኛው አቅጣጫ ማን እንደሚተኛ አንድ ቀን ተረጋግተው ያስቡበት።

አገር ቤት ከክላሽ ጋር ነው ያደግኩት፤ ሥልጠና ለምን ያስፈልገኛል?

የሠርግ ተኩስ፣ የለቅሶ ተኩስ፣ የአባት ጠመንጃ። ብዙዎቻችን ከመሣሪያ ጋር አድገናል። መሣሪያ አለመፍራት ጥሩ ነው። ነገር ግን ክላሽ በትከሻ ተደግፎ ነው የሚተኮሰው። ሽጉጥ ትከሻ የለውም፤ አፈሙዙ አጭር ስለሆነ የእጅዎ ትንሽ መንቀጥቀጥ ኢላማው ላይ ስንዝር ይሆናል። እንዲያውም አሠልጣኞች የሚቸገሩት ምንም ከማያውቀው ይልቅ «አውቃለሁ» ከሚለው ጋር ነው።

ደግሞም ወደ ሰማይ መተኮስ እዚህ ወንጀል ነው። ልጁ ቢዳርም፣ ዓመት በዓል ቢሆንም።

በልምምድ የሚያዙት ሕጎች አራት ናቸው። ማንኛውም ሽጉጥ ጥይት እንዳለው ይቆጠራል። አፈሙዙ ሊያጠፉት ወደማይፈልጉት ነገር አይዞርም። ለመተኮስ እስኪወስኑ ጣት ከቃታ ውጭ ነው። ኢላማውንም ከኋላው ያለውንም ሳያውቁ አይተኮስም። እነዚህ ያለ ማሰብ ከእጅዎ የሚወጡ እስኪሆኑ ድረስ በወር አንዴም ቢሆን ይሂዱ።

ቤት ውስጥ የት ላስቀምጠው?

የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ። ፍራሽ ሥር አይደለም፣ ቁም ሳጥን ላይ አይደለም፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥም አይደለም።

የእኛን ቤት ያስቡት። ክርስትና ነው፣ ልደት ነው፣ ማኅበር ነው። አርባ ሰው ይገባል። የሁሉም ካፖርት መኝታ ቤት አልጋው ላይ ይከመራል። ልጆቹ ሳሎን ስለሚጨናነቅ እዚያው መኝታ ቤት ገብተው ይጫወታሉ። ትልልቆቹ ቡና ላይ ናቸው። ማንም አያያቸውም። አንድ ልጅ መሳቢያ ለመክፈት ስንት ሰከንድ ይፈልጋል?

«ልጄ አይነካም፣ መክሬዋለሁ» አይበሉ። የእርስዎ ልጅ ባይነካ የእንግዳው ልጅ አለ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት ያለው ሽጉጥ መተውን በሕግ ይቀጣሉ፤ እኔ ግን ስለ ሕጉ ብዬ አይደለም። በቁጥር የሚከፈት፣ ከአልጋ ወይም ከግድግዳ ጋር የሚታሰር ትንሽ የብረት ሳጥን ከ100 እስከ 200 ዶላር ይገኛል። ቁጥሩ የልጅዎ የልደት ቀን አይሁን። ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።

መኪና ውስጥ መያዝስ? ኡበር ነው የምነዳው።

ኡበርም ሊፍትም ሾፌር ሽጉጥ እንዲይዝ አይፈቅዱም። የመያዣ ፈቃድ ቢኖርዎትም አካውንትዎን ሊዘጉት ይችላሉ።

ከዚያ ደግሞ የድንበሩ ጣጣ አለ። እኛ በቀን ሦስቴ ስቴት እንቀይራለን። አሌክሳንድሪያ አድረን፣ ዲሲ ውለን፣ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ እንበላለን። የቨርጂኒያ የመያዣ ፈቃድ ድልድዩን ሲሻገሩ ዋጋ የለውም። ዲሲም ሜሪላንድም አይቀበሉትም። ሽጉጡ ወገብዎ ላይ እንዳለ ፖትማክን ከተሻገሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሕጋዊ ሰው የነበሩት ተጠርጣሪ ይሆናሉ። ግሪን ካርድ ላይ ያልኩትን እዚህ ያስታውሱ። ማጓጓዝ ግድ ከሆነ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ይሁን፤ የሚሄዱበት ቦታም ሽጉጡን መያዝ የሚፈቀድልዎት መሆን አለበት።

ሱቅ ውስጥ ሌባ ቢገባ መተኮስ እችላለሁ?

ለንብረት ብለው አይተኩሱ። ቢራ ይዞ የሮጠ ልጅ ላይ፣ የገንዘብ መሳቢያውን ገልብጦ ወደ በሩ በዞረ ሰው ላይ መተኮስ ራስን መከላከል አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ሕይወትዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት በዚያች ቅጽበት አደጋ ላይ ነበር ወይ ብሎ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ከቤትዎ ውጭ ከሆኑና በሰላም ማፈግፈግ ከቻሉ ማፈግፈግ ይጠበቅብዎታል።

ሱቁ የእርስዎ ካልሆነ ባለቤቱ ሳያውቅ ሽጉጥ ይዘው አይግቡ። እኔ ሁለቱንም ጊዜ ገንዘቡን ሰጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቤቴ ገብቻለሁ።

አይሆንምና ከተኮሱ 911 ይደውሉ፣ አድራሻውን ያስቀድሙ። እንግሊዝኛው ከጠፋብዎት «አምሃሪክ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ። ፖሊስ ሲደርስ ሽጉጡ እጅዎ ላይ አይሁን። የሚመጣው ፖሊስ ባለቤቱንና ሌባውን ለይቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ጠበቃ እንደሚፈልጉ ተናግረው ዝርዝሩን ለጠበቃው ያቆዩ።

ሁሉም ተደምሮ ስንት ይፈጃል?

ደህና አዲስ ሽጉጥ ከ400 እስከ 600 ዶላር። ሳጥኑ፣ የጆሮና የዓይን መከላከያው፣ ሥልጠናው፣ የፈቃድ ክፍያው፣ ጥይቱ። ከ1,000 ዶላር በታች አያስቡ። ገንዘቡ ካልበቃ ሽጉጡን ገዝተው ሳጥኑን «ለሚቀጥለው ወር» አይበሉ። ሁለቱም ለሚቀጥለው ወር ይሁኑ።

ወደ ኢትዮጵያ ይዤው መሄድ እችላለሁ?

አይ። አገር ቤት መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ፈቃድ ሳይኖር ይዞ መግባት ወንጀል ነው። ለአባትዎ ስጦታ ከፈለጉ ሌላ ነገር ይፈልጉ።

ሳያውቁት እንዳይሄዱ ግን ይጠንቀቁ። በ2023 የአሜሪካ ኤርፖርት ፍተሻዎች ላይ 6,737 መሣሪያዎች ተይዘዋል፤ አብዛኞቹም ጥይት ተሞልተው ነበር። ብዙው ሰው «ረስቼው ነው» ይላል። ቅጣቱ ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከደለስ (Dulles) ኤርፖርት በረራ ያለዎት ለት፣ ሻንጣ ሲመዝኑ ከማምሸትዎ በፊት፣ በእጅ የሚይዙትን ቦርሳ አልጋ ላይ ገልብጠው ያራግፉት። ከዚያ የብረቱን ሳጥን ከፍተው ሽጉጡ እዚያው መሆኑን በዓይንዎ አይተው ይቆልፉ።